ምት የሚያርመው ማሽን

በአፋምቦም ሆነ በሰመራ፣ በአፋር ባህላዊ ጨዋታ ከከበሮ ይልቅ እጅ ይደመጣል። አውጪው ያወጣል፣ የከበቡት እያጨበጨቡ ይቀበላሉ። ሃያ ሰው ሲያጨበጭብ ሃያው እጅ በአንድ ቅጽበት አይገናኝም፤ አንዱ ቀደም፣ ሌላው ዘግየት ይላል፤ ድምፁን የሚያወፍረውም ይኸው ነው። ይህን ጭብጨባ ሲኩዌንሰር ላይ ለማስፈር የሚያስብ ሰው ኳንታይዝ የሚባለውን ቁልፍ አስቀድሞ ይወቀው።

ሲኩዌንሰር ድምፅ አይቀዳም። የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተመታ ይመዘግባል እንጂ። አሜሪካዊው ሮጀር ሊን በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጣው ኤልኤም-1 የከበሮ ማሽን ላይ፣ የተንሸራተተን ምት ወደ ቅርቡ ማረፊያ የሚጎትት ዘዴ፣ ማለትም ኳንታይዝን፣ አስገባ። ከአካይ ጋር ሠርቶት በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤምፒሲ 60 ደግሞ አንዱን ምት በ96 ቲክ ይከፍላል። ማረፊያው በአሥራ ስድስተኛ ኖታ ከተቀመጠ በየ24 ቲኩ አንድ ቦታ አለ ማለት ነው። 9 ቲክ የዘገየ ጭብጨባ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ 13 ቲክ የዘገየው ግን ወደፊት ተገፍቶ ቀጣዩ ማረፊያ ላይ ይቀመጣል። አራሚው ስህተት ፈጠረ!

ኮምፒውተር ላይ ቢሆን እርማቱን መሻር ይቻላል። በብዙዎቹ የድሮ ማሽኖች ግን ኳንታይዝ እንደበራ ከተቀዳ የእጁ እውነተኛ ሰዓት የትም አይቀመጥም። ችክችካችንም ከዚህ አያመልጥም፤ በስድስት የሚሄደውን ምት በቀጥተኛ አሥራ ስድስተኛ ካረሙት ይሰበራል፤ ቢያንስ ማረፊያውን ወደ ትሪፕሌት መቀየር ያስፈልጋል።

ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን በቀዳው ካሴት አኮርዲዮኑን፣ ሮድሱን፣ ሙጉንና ዲኤክስ7ቱን ብቻውን እየደራረበ ተጫውቷል። እንደኔ ጆሮ የሥራው ውበት ያለው ጣቶቹ ከሥር ላለው ምት ባሪያ ባለመሆናቸው ነው።

መላው ታዲያ ምንድን ነው? ኳንታይዙን አጥፍቶ መቅዳት፣ ከማረም በፊት ሲኩዌንሱን ገልብጦ ማስቀመጥ፣ ባሱንና ከበሮውን ብቻ አርሞ ዜማውን መተው። ለጭብጨባ ግን ከሁሉ የሚሻለው ነጠላ ጭብጨባ ሳምፕል አድርጎ በፓድ መምታት ሳይሆን፣ የሕዝቡን ሁለት ባር ጭብጨባ እንዳለ በአንድ ሳምፕል መያዝ ነው። ኳንታይዝ የሚያንቀሳቅሰው የሳምፕሉን መነሻ ብቻ ስለሆነ ውስጡ ያሉት እጆች እንዳሉ ይቆያሉ። ዋጋው ግን አለ፤ የዘፈኑን ፍጥነት እንደልብ መቀየር አይቻልም። እኔ ይህን ዋጋ እከፍላለሁ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ እንደ ኤምፒሲ 2000 ባሉ ማሽኖች መብራት ሲጠፋ በማሽኑ ውስጥ ያለው ሥራ አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ የገለበጡትን ወዲያው ዲስክ ላይ ያስቀምጡ።