የወባው ዓይነት በደም ምርመራ እንዲታወቅ

በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ ወባን የማያውቅ ሰው አይገኝም። ነገር ግን ሕመሙን ማወቅ አንድ ነገር ሲሆን ዓይነቱን ማወቅ ሌላ ነገር ነው። ብርድ ብርድ ያለው ሰው «ንዳድ ያዘኝ» ብሎ ከሱቅ ክኒን ገዝቶ ሲውጥ የትኛው ወባ እንደ ያዘው ሳይታወቅ ይቀራል፤ ጉዳቱም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

በአገራችን በብዛት የሚገኙት የወባ ተሐዋስያን ሁለት ናቸው፤ ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረምና ፕላስሞዲየም ቫይቫክስ ይባላሉ። ፋልሲፓረም የገባበት ቀይ ደም በአንጎል ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ እየተጣበቀ በሽተኛውን በጥቂት ቀን ሊገድለው ይችላል። ቫይቫክስ ደግሞ ከደም ከጠፋ በኋላ በጉበት ውስጥ ተኝቶ ይሰነብትና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እንደገና ይነሣል። ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ከደጋ ወርዶ የነበረ ሠራተኛ፣ ቤቱ ከገባና ከከረመ በኋላ በንዳድ የሚወድቅበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በጉበት የተኛውን የሚያጠፋው ፕሪማኪን የተባለው መድኃኒት ነው፤ ሆኖም ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ በትውልድ አንድ የደም ኢንዛይም የጎደላቸውንም ሰዎች ቀይ ደም ያፈርሳል። እንግዲህ ሐኪሙ ዓይነቱን ሳያውቅ እንዴት አድርጎ ይዘዝ?

ተሐዋሲውን በሰው ደም ውስጥ መጀመሪያ ያየው በ1880 እ.ኤ.አ. በአልጄሪያ የነበረው ፈረንሳዊው ወታደራዊ ሐኪም አልፎንስ ላቬራን ነው። ዛሬም ታማኙ መሣሪያ ማይክሮስኮፕ ነው። ጣት ተወግቶ የመጀመሪያው ጠብታ በደረቅ ጥጥ ከተጠረገ በኋላ፣ ቀጥሎ የሚወጣው ደም በመስታወት ስላይድ ላይ በሁለት ዓይነት ይቀባል። ወፍራሙ ቅብ ተሐዋሲ መኖር አለመኖሩን፣ ስሱ ቅብ ዓይነቱን ያሳያል። ስሱ በሜታኖል ይጸናል፤ ወፍራሙን ግን ሜታኖል ሊነካው አይገባም፤ ቀለሙ በሚገባበት ጊዜ ቀይ ደሙ ፈርሶ መታጠብ አለበትና።

በዚህ ረገድ የመተማ ሐሩር የመርማሪው ጠላት ነው። በውጭ አገር የተማርኩባቸው መጻሕፍት በብርድ አገር የተጻፉ ስለ ነበሩ ይህን ነገር በአንድ መስመር አልፈውታል። ወፍራሙ ቅብ በፀሐይ ወይም በጋለ መኪና ውስጥ ቢቆይ ሙቀቱ ራሱ ያጸናዋል፤ ከዚያ በኋላ ቢቀባም ጥርት ብሎ አይታይም። ስለዚህ ስላይዱ በጥላ ደርቆ፣ ከዝንብና ከአቧራ ተጠብቆ፣ በሣጥን ሆኖ በቶሎ ወደ ላቦራቶሪ መድረስ ይገባዋል።

መምህራን በዚህ ሥራ ትልቅ እርዳታ ሊያደርጉ ይችላሉ። ተማሪ በክፍል ውስጥ ቢያተኩሰው ክኒን ከመዋጡ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ፤ መድኃኒት ከተወሰደ በኋላ ተሐዋሲው በደም ውስጥ ስለሚያንስ ሊሰወር ይችላል። በትንሽ ወረቀትም ሕመሙ የጀመረበት ቀን፣ መድኃኒት ተወስዶ እንደ ሆነ፣ ባለፈው ወር በሽተኛው የት እንዳደረ ይጻፍ። ራሱን የሳተ ወይም የሚያንቀጠቅጠው ሰው ግን በወረቀት ምክንያት ለደቂቃ እንኳ አይዘግይ።

ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ ለገጠር ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የመጨረሻ ዳኛ አይደለም። በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች ተመርምረው በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ አንዳንድ የፋልሲፓረም ተሐዋስያን መመርመሪያው የሚፈልገውን ፕሮቲን የሚሠሩበትን ጂን እንዳጡና ሳይታዩ እንደሚያመልጡ አስረድቷል። እንዲህ ያለው የጂን ምርመራ የሚደረገው በማጣሪያ ወረቀት ላይ ከደረቀ የደም ጠብታ ሲሆን፣ ወረቀቱ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጋር በታሸገ ከረጢት ይላካል፤ መልሱም ለጥናት እንጂ ለዕለቱ ሕክምና አይደርስም። እንግዲህ መመርመሪያው «የለም» ብሎ ትኩሳቱ ካልበረደ ደሙ በማይክሮስኮፕ ይታይ። በዚያም ካልተገኘና ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው በዚህ ቆላ ካላዛርም መኖሩ አይዘንጋ።

ውጤት ሲሰጥ «ወባ አለበት» የሚለው ብቻውን አይበቃምና ዓይነቱ እንዲጻፍ መጠየቅ የበሽተኛው መብት ነው። ወደ ደጋ የሚመለሰው ሠራተኛም ያን ወረቀት በኪሱ ይዞ ይሂድ፤ በአገሩ ንዳዱ ቢነሣበት የዚያ ጤና ጣቢያ ሐኪም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው እርሱን ነው።