ስድቡ ከጌም ቤት ወደ ስልክ ሲገባ

ከአሥር ዓመት በፊት በጎጃም፣ በደምበጫም ሆነ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ዳር ባሉ ሌሎች ከተሞች፣ ቪዲዮ ጌም ማለት በአብዛኛው ጌም ቤት ገብቶ፣ ሒሳብ ከፍሎ፣ ጎን ለጎን ተቀምጦ ፕሌይስቴሽን መጫወት ነበር። ፉከራውና ብሽሽቁ ያኔም ነበረ። ሆኖም አፉ ልክ ያጣውን ልጅ የቤቱ ባለቤት ጆይስቲኩን ተቀብሎ ያስወጣዋል፤ ተሰዳቢውም የሰደበው የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃል።

ይህን የለወጠው ስልክ ነው። ፍሪ ፋየርና ፐብጂ ሞባይል የተባሉት ጨዋታዎች በ2010 ዓ.ም. ወጡ፤ ሁለቱም በነጻ የሚጫኑ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር በድምፅ የሚያገናኙ ናቸው። በ2012 በጀት ዓመት መጨረሻ 46.2 ሚሊዮን የነበሩት የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች በ2016 በጀት ዓመት መጨረሻ 78.3 ሚሊዮን ደረሱ። ጎጃም ግን በዚህ ጉዞ እኩል አልተራመደም፤ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበርና። አገልግሎቱ ሲመለስ ልጆቹ የተቀላቀሉት ባለቤት የሌለው ጌም ቤት ነው ማለት ይቻላል።

የውጪው ዓለም አኃዝ ምን እንደሚጠብቃቸው ያሳያል። ኤዲኤል የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ባካሄደው ጥናት፣ በኦንላይን ጨዋታ ትንኮሳ ደርሶብናል ያሉ አዋቂዎች እ.ኤ.አ. በ2019 74 በመቶ ነበሩ፤ በ2022 86 በመቶ ደረሱ። በ2023 ቁጥሩ ወደ 76 ወረደ። እኔን የሚያሳስበኝ በዚያው ዓመት የታየው ሌላው አኃዝ ነው፤ ከ10 እስከ 17 ዓመት ካሉት ልጆች ትንኮሳ የደረሰባቸው ከ67 ወደ 75 በመቶ ከፍ ብለዋል። የአዋቂዎቹ ሲቀንስ የልጆቹ ጨመረ።

የጨዋታ ኩባንያዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስን የሠራው ራየት እ.ኤ.አ. በ2011 ተጫዋቾች ራሳቸው ተሳዳቢን የሚዳኙበት ሸንጎ አቋቁሞ በ2014 አቆመው። የበለጠ ፍሬ ያፈራው ቀላሉ እርምጃ ነበር። ከተቃራኒ ቡድን ጋር የሚደረገው የጽሑፍ ንግግር ፈላጊው ራሱ ካልከፈተው ዝግ እንዲሆን ሲደረግ፣ የንግግሩ መጠን ሳይቀንስ አስከፊው 32.7 በመቶ ወረደ። በ2023 ደግሞ ኮል ኦፍ ዱቲ የተባለው ጨዋታ ድምፅ አዳምጦ ስድብን የሚለይ ቴክኖሎጂ ማስገባት ጀመረ፤ የጀመረው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ብሔርን እየጠራ የሚዘልፍ፣ በላቲን ፊደል ዛሬ አንድ ዓይነት ነገ ሌላ ዓይነት ተደርጎ የሚጻፍ የአማርኛ ስድብን እንዲህ ያለው ማጣሪያ በቀላሉ አይይዘውም።

በእኛ አገር ሕጉ አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር ሥርዓት ማስፈራራትንና ማስጨነቅን በእስራት ይቀጣል፤ የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ተከትሎታል። ይሁን እንጂ በቅጽል ስም የተደበቀ ተሳዳቢን ከሌላ አገር ፈልጎ ለማቅረብ የአንድ ወረዳ ፖሊስ አቅሙ አይፈቅድለትም፤ ስለዚህ ከሕጉ በፊት የሚደርሰው ቤተሰብ ነው።

ወላጆችና ታላላቆች ሆይ፣ የልጁን ስልክ ከመቀማታችሁ በፊት የጨዋታውን ሴቲንግ አብራችሁት ክፈቱ፤ ከማያውቀው ሰው የሚመጣውን ድምፅ ዝጉለት፤ ዛቻ ሲደርሰው ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ ሪፖርት ማድረግን አስተምሩት። ደርሶበት ሲነግራችሁም አትቆጡት።