መቀበልና መውሰድ

«ተቀበለ» እና «ወሰደ» የሚሉት ሁለት ግሦች በትርጉም ይቀራረባሉ። በሁለቱም አንድ ነገር ከአንድ ሰው እጅ ወደ ሌላው ያልፋል። ልዩነታቸው ጎልቶ የሚታወቀው በዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገቡ ነው። «ልጁ መጽሐፉን ከመምህሩ ተቀበለ» ስንል፣ ሰጪው መምህሩ እንደሆነና በፈቃዱም እንደሰጠ እንረዳለን። «ልጁ የመምህሩን መጽሐፍ ወሰደ» ስንል ግን ፈቃድ መኖሩና አለመኖሩ አይታወቅም። ይህን ልዩነት በልባችሁ ያዙ። በዚህ ምንባብ የምንመረምረው ጉዳይ የሚፈታው በእርሱ ነውና።

ጉዳዩ ይህ ነው። ዲጄ የሚባለው ባለሙያ የተቀዱ ዘፈኖችን እየመረጠ በሠርግ፣ በጭፈራ ቤትና በልዩ ልዩ በዓላት ያሰማል። አንዳንዱ ዲጄ ከማሰማት ዐልፎ የአንዱን ዘፈን ምት ይለውጣል፤ ከበሮ ይጨምርበታል፤ ያሳጥረዋል ወይም ያስረዝመዋል። ይህ ሪሚክስ ይባላል። የአንዱን ዘፋኝ ድምፅ ከሌላው ዘፈን አጃቢ ሙዚቃ ጋር አዋሕዶ አንድ ሲያደርግ ደግሞ ማሽአፕ ይባላል። ዛሬ ድምፅን ከመሣሪያ የሚለይ የኮምፒውተር ፕሮግራም ስላለ፣ ቀድሞ ትልቅ ስቱዲዮ ይጠይቅ የነበረው ሥራ በአንድ ክፍል ውስጥ ይፈጸማል። ሥራው ጥበብ የለውም ማለት አይቻልም። የሁለት ዘፈኖችን ፍጥነትና የድምፅ ከፍታ ማስማማት የሠለጠነ ጆሮ ይፈልጋል። ጥያቄው ግን ስለ ችሎታው አይደለም። ባለቤቱ ሳይፈቅድ የተሠራ እንዲህ ያለ ሥራ ተገቢ ነውን? የሚል ነው።

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዛችሁ ሐይቅ ከተማን ታገኛላችሁ። ከዚያ ወደ ሰሜን ስትቀጥሉ አምባሰል ይቀበላችኋል። አምባሰል የተራራና የአገር ስም ብቻ አይደለም፤ የቅኝትም ስም ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከሚባሉት አራት ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታዎችን ስም ይዘዋል። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፆች አሉት። የአምባሰልን ቅኝት ማን እንደጀመረው በስም ተለይቶ አይታወቅም። ስለዚህ በአምባሰል ቅኝት አዲስ ዘፈን ለመድረስ ማንም ሰው ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልገውም። ቅኝቱ እንደ ቋንቋ የሁሉ ሀብት ነው።

ከዚህ ተነሥተው የሚከራከሩ አሉ። «አዝማሪውም የሌላውን ዜማና ግጥም እየወሰደ ይጫወት የለምን? ዲጄውስ ከአዝማሪው በምን ይለያል?» ይላሉ። ክርክሩ ጠንካራ ስለሆነ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በአዝማሪ ጨዋታ ላይ አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪውም ግጥሙን በማሲንቆው አጅቦ ይደግመዋል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ አድማጩ የሚለው «ተቀበል» ነው። ሰጪው ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ግጥሙ የማን እንደሆነ በስፍራው ያለ ሁሉ ያውቃል፤ አዝማሪውም የሚያዜመው በራሱ ጉሮሮና በራሱ ጣት ነው። የተቀዳ ዘፈን የሚቆርጥ ዲጄ ግን የሚወስደው ሐሳቡን ወይም ዜማውን ብቻ አይደለም፤ የዘፋኙን ድምፅ ራሱን ነው። ዘፋኙ በስፍራው የለም፤ «ተቀበል» ያለም ሰው የለም። የአምባሰል ቅኝት የሁሉ ነው፤ አምባሰልን በማዜም የታወቀችው የማሪቱ ለገሰ ድምፅ ግን የማሪቱ ነው።

ሌላው የአካባቢው ቅርስም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጠናል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዓመት አጽፈው ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ይገኛል። ማን አጽፎ ለማን እንደሰጠው በመጽሐፉ ውስጥ ተመዝግቧል። በጥንት ዘመን መጽሐፍ የሚባዛው በእጅ እየተገለበጠ ስለነበር፣ መገልበጥ ነውር አልነበረም፤ እንዲያውም እንደ ጽድቅ ሥራ ይቆጠር ነበር። ሆኖም በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ የጸሐፊውና የአጻፊው ስም ይጠራል፤ መጽሐፉን የሚሰርቅ ወይም ጽሑፉን የሚፍቅ ሰውም እንዲወገዝ ይጻፋል። እንግዲህ አባቶቻችን መገልበጥንና ስም መፋቅን ለይተው ያዩ ነበር ማለት ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በኢትዮጵያ የጽሑፍና የኪነ ጥበብ ሥራ ባለቤትነት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተደንግጎ ነበር። በኋላም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ፤ ይህም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። በዚህ ሕግ መሠረት ሥራውን የማባዛት፣ የመለወጥ፣ የማሠራጨትና በሕዝብ ፊት የማቅረብ መብት የሥራው አመንጪ ነው። የኢኮኖሚ መብቱ በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ከገንዘቡ ሌላ የሞራል መብት አለው፤ ይኸውም ስሙ እንዲጠራና ሥራው ክብሩን በሚነካ አኳኋን እንዳይለወጥ የመቃወም መብት ነው። ዘፋኙና የድምፅ ቅጂው አዘጋጅም የየራሳቸው መብት አላቸው። ስለዚህ ከአንድ ዘፈን ጀርባ የግጥም ደራሲ፣ የዜማ ደራሲ፣ አቀናባሪ፣ ዘፋኝና አሳታሚ ሊኖሩ እንደሚችሉ አስታውሱ። ሕጉ አንድ ሰው ለግል ጥቅሙ አንድ ቅጂ ማዘጋጀቱን አይከለክልም። የተለወጠ ሥራን ለሕዝብ ማሠራጨት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ያለፈቃድ መውሰድ በሰው ሕይወት ላይ ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ አንድ የውጭ አገር ታሪክ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1969 ዘ ዊንስተንስ የተባለ የአሜሪካ የሙዚቃ ቡድን አንድ ሸክላ አሳተመ። በዚህ ሸክላ ላይ ግሪጎሪ ኮልማን የተባለው ከበሮ መቺ ለስድስት ሰኮንድ ያህል ብቻውን መታ። ይህች አጭር ምት ከ1980ዎቹ ጀምሮ እየተቆረጠች በሺህ በሚቆጠሩ ዘፈኖች ውስጥ ገባች። በእርሷም ላይ ታላላቅ የሙዚቃ ስልቶች ተመሠረቱ፤ ብዙዎችም ከበሩ። ኮልማን ግን ከዚህ ሁሉ የሮያሊቲ ክፍያ ሳያገኝ በ2006 በድህነት ሞተ። በ2015 አንዳንድ ዲጄዎች በራሳቸው ተነሣሽነት 24,000 የእንግሊዝ ፓውንድ ያህል ሰብስበው ለቡድኑ መሪ ሰጡ። ድርጊታቸው የሚመሰገን ነው፤ ለከበሮ መቺው ግን አልደረሰለትም።

ሁለተኛው ታሪክ ደግሞ የፈቃድን ትርጉም ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2004 ዴንጀር ማውስ የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ የጄይ ዚን ድምፅ ከቢትልስ ሙዚቃ ጋር አዋሕዶ አንድ አልበም አወጣ። ጄይ ዚ ያለ ሙዚቃ አጃቢ ድምፁን ብቻ አሳትሞ ስለነበር፣ ሌሎች እንዲሠሩበት በሩን ከፍቷል ሊባል ይችላል። የቢትልስን ቅጂ የያዘው ኢ.ኤም.አይ. ኩባንያ ግን ባለመፍቀዱ ሥርጭቱ እንዲቆም ጠየቀ። አልበሙን ብዙ ሰዎች አደነቁት። ይሁን እንጂ ከሁለቱ ምንጮች አንዱ የተሰጠ፣ ሌላው የተወሰደ ነበር፤ የአድማጭም አድናቆት የተወሰደውን ወደ ተሰጠ አይለውጠውም።

ፈቃድ ሳይጠይቁ የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ። የመጀመሪያው «ዘፋኙን አስተዋወቅሁት እንጂ አልጎዳሁትም» የሚለው ነው። መተዋወቅ ይጠቅመው እንደሆነ የሚወስነው ግን ባለቤቱ ነው። ሁለተኛው «ገንዘብ አላገኘሁበትም» የሚለው ነው። በነፃ የተበተነ ዘፈንም የባለቤቱን ገበያ ሊያሳጣ ይችላል። ሦስተኛው «ባለቤቱን ፈልጌ አጣሁት» የሚለው ነው። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ ሆኖም የበሩን ባለቤት ያጣ እንግዳ ቤቱን ከፍቶ አይገባም።

ከገንዘብ በላይ የሚጎዳም አለ፤ እርሱም ትርጉም ነው። ወሎ የመንዙማ አገር ነው። አንድ ሰው በአምልኮ ስሜት የተዜመን መንዙማ ወይም በሐዘን የተዜመን እንጉርጉሮ ቆርጦ ከጭፈራ ምት ጋር ቢያዋሕድ፣ ቃሉ ሳይለወጥ ፍቺው ይለወጣል። ያዜመው ሰው ያላለውን እንዳለ ይሆንበታል። በጽሑፍም እንዲሁ ነው፤ የሌላውን ዐረፍተ ነገር ከቦታው ነቅለን በማይስማማው ስፍራ ብናስገባው፣ አንዲት ፊደል ሳንለውጥ እንኳ ጸሐፊውን ልንዋሽበት እንችላለን።

እንግዲህ በዚህ ሙያ ለመሠማራት የምትፈልጉ ሁሉ አራት ነገሮችን አስተውሉ። አንደኛ፣ ከማሠራጨታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ሁለተኛ፣ የገጣሚውን፣ የዜማ ደራሲውን፣ የአቀናባሪውንና የዘፋኙን ስም ጥሩ። ሦስተኛ፣ ገቢ ቢገኝ ድርሻቸውን ስጡ። አራተኛ፣ የሥራውን መንፈስ አክብሩ። ፈቃድ ባታገኙ ደግሞ መንገዱ አልተዘጋም፤ ቅኝቱ የሁላችን ነውና። ከአካባቢያችሁ ማሲንቆ ተጫዋችና ድምፀ መልካም ሰው ጋብዙ፤ ተስማምታችሁ አዲስ ዘፈን ቅረጹ። ያን ጊዜ በእጃችሁ ያለው የተቀበላችሁት እንጂ የወሰዳችሁት አይሆንም።

መልመጃ

1. አዝማሪና ዲጄ የሚመሳሰሉበትንና የሚለያዩበትን ነጥብ በአንድ አንቀጽ ጻፉ።
2. «ቅኝቱ የሁሉ ነው፤ ድምፁ ግን የአንድ ሰው ነው» የሚለውን ሐሳብ በራሳችሁ ምሳሌ አብራሩ።
3. «ተቀበለ»፣ «ወሰደ»፣ «ተዋሰ» እና «ነጠቀ» በሚሉት ግሦች አራት ዐረፍተ ነገሮች ሥሩ፤ ሰጪው መፍቀዱና አለመፍቀዱ በየትኞቹ እንደሚታወቅ አመልክቱ።
4. «ያለፈቃድ የተሠራ ጥሩ ሥራ ከጥሩነቱ የተነሣ ይቅር ሊባል ይገባል» በሚለው ርዕስ ለሁለት ተከፍላችሁ ተከራከሩ።