ኩፖን፦ ቅናሹን የሚከፍለው ማን ነው?

አሜሪካ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል አስቤዛ ሲገዙ ኩፖን ማውጣት የሚያሳፍራቸው አሉ። ካሸሯን ያስቸገሩ፣ ወረፋውን ያጓተቱ፣ ሲብስም የለመኑ ይመስላቸዋል። ኩፖን ግን ምጽዋት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ አምራቹ ድርጅት ዕቃውን እንዲገዙለት ከራሱ ኪስ የሚከፍለው ገንዘብ ነው፤ ሱፐርማርኬቱ በዚህ አይጎዳም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 1 ዶላር የሚያስቀንስ የአምራች ኩፖን ሲቀርብ ማሽኑ ባርኮዱን ያነባል። ባርኮዱ የአምራቹን መለያ፣ የዕቃውን ዓይነት፣ መገዛት ያለበትን ብዛትና የሚቀነሰውን ገንዘብ ይዟል፤ ማሽኑ ከተገዛው ዕቃ ጋር ካመሳከረ በኋላ ሂሳቡን ይቀንሳል። ሱቁ የሰበሰባቸውን ኩፖኖች ቆጥሮ ለሚያጣራ ድርጅት ይልካል። አምራቹም የኩፖኑን ዋጋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለድካሙ 8 ሳንቲም ጨምሮ፣ ለሱቁ ይመልሳል።

ነገሩ የቆየ ነው። ኮካ ኮላ በ1880ዎቹ መጨረሻ አትላንታ ውስጥ አንድ ብርጭቆ በነፃ የሚያስጠጣ ወረቀት ያድል ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ የእህል ቁርስ አምራቹ ሲ. ደብሊው. ፖስት 1 ሳንቲም የሚያስቀንስ ኩፖን አወጣ። ሁለቱም የፈለጉት አዲስ ዕቃ ሰው እንዲሞክርላቸው ነበር፤ ዓላማው ዛሬም አልተለወጠም።

ኩፖን በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ የአምራች፣ ሌላው የሱቁ የራሱ ነው። ከፋዮቹ የተለያዩ ስለሆኑ ብዙ ሱቆች ሁለቱን በአንድ ዕቃ ላይ ደርቦ መጠቀም ይፈቅዳሉ። አንድ ካርቶን ሲሪያል 5.49 ዶላር ነው እንበል። ሱቁ ዋጋውን ወደ 3.99 ባወረደበት ሳምንት የአምራቹ 1 ዶላርና የሱቁ 50 ሳንቲም ሲደረቡበት 2.49 ይገባል። ስለዚህ ኩፖን የሚያዋጣው እንዳገኙት ሲመነዝሩት ሳይሆን፣ ጊዜው ሳያልፍበት ዕቃው እስኪረክስ ሲጠብቁበት ነው። ሆኖም በመጠን እኩል የሆነው የሱቁ የራሱ ምርት 2.29 ቢሸጥ አሁንም የሚሻለው እሱ ነው። መደርደሪያው ላይ በትንሹ የሚጻፈውን የአንድ ኦንስ ዋጋ ማየት ይህን ወዲያው ያሳያል።

ኩፖን የማይነካቸው ነገሮችም አሉ። ሽንኩርት፣ ድንች፣ ቲማቲምና ጎመን የሚያስተዋውቃቸው ትልቅ አምራች ስለሌላቸው ኩፖን እምብዛም አይወጣላቸውም። የእኛን እንጀራና በርበሬማ ተዉት። ኩፖን የሚበዛው በታሸገ ምግብ፣ በሳሙና፣ በዳይፐር፣ በጥርስ ሳሙናና በሻምፑ ላይ ነው። ብልህ ሸማች ለቤት ውስጥ ዕቃው ኩፖን ይጠቀምና የተረፈውን ለአትክልቱ ያውለዋል። ኩፖን ስላገኘ ብቻ ቤተሰቡ የማይበላውን ጣፋጭ የገዛ ግን 1 ዶላር አላተረፈም፤ የቀረውን ዋጋ ከስሯል።

ጥንቃቄም ያሻል። በቴሌግራምና በፌስቡክ ከሚዘዋወሩት ኩፖኖች ውስጥ ሐሰተኞች አሉ፤ ውድ ዕቃ በነፃ የሚሰጥ ኩፖን ከታየ መጠርጠር ነው። በ2021 የቨርጂኒያ ቢች ነዋሪ የሆነች ሴት ከ31 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ ባደረሱ ሐሰተኛ ኩፖኖች ምክንያት የ12 ዓመት እስራት ተፈርዶባታል።

ዛሬ ብዙው ኩፖን ከጋዜጣ ወጥቶ ስልክ ውስጥ ገብቷል። በሱቁ አፕ ተመዝግቦ፣ የሚፈልጉትን ኩፖን አስቀድሞ ነክቶ መያዝ፣ ሂሳብ ሲከፍሉ ደግሞ ስልክ ቁጥር ማስገባት ነው። ይህን ያላደረገ ሰው መደርደሪያው ላይ የተጻፈውን የአፕ ቅናሽ አያገኝም፤ ሙሉውን ይከፍላል። በዚህ በጣም የሚጎዱት አፑንም እንግሊዝኛውንም ያልለመዱ እናቶቻችንና አባቶቻችን ናቸው፤ ከማንም በላይ ቅናሹ የሚያስፈልጋቸውም እነሱ ናቸው። ልጆች አንድ ቅዳሜ አብረዋቸው ቁጭ ብለው በየሱቁ አፕ ቢያስመዘግቧቸው፣ ከዚያም በየሳምንቱ የሚገዙትን ጠይቀው ኩፖኑን ቢይዙላቸው፣ ቅናሹ ከወር ወር አይቀርባቸውም።