ልብስ እያለ ከሰል ለምን?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሓቦቻቸው ላይ ይስፈን። 

ብዙ ሰው ብርድን ከዝናብ ጋር ያያይዘዋል። ነገር ግን በአዲስ አበባ ሌሊቱ ጠንክሮ የሚቀዘቅዘው ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ነው። ደመና ለምድር እንደ ብርድ ልብስ ነው። ደመና በሌለበት ሌሊት ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች በእነዚህ ወራት የሌሊቱ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ይወርዳል። በዚህ ላይ በአንዋር መስጊድ ዙሪያም ሆነ በሌላው ሰፈር የብዙዎቻችን ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ቀን ቶሎ እንደሚግል ሁሉ ማታም ቶሎ ይቀዘቅዛል። ታዲያ ቤተሰባችን ሌሊቱን በምን ይሙቅ? የዛሬው ርዕሳችን ይህ ነው።

ምቾትና ሙቀት በኢስላም

አንዳንድ ሰው ስለ ምቹ ልብስ ማውራት ከዲን የራቀ ነገር ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በሱረቱ-ነሕል 5ኛ አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ) በእንስሳት ውስጥ ያደረገልንን ጥቅም ሲዘረዝር በቅድሚያ ያነሳው ሙቀትን ነው፤ መብሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያው ሱራ 80ኛና 81ኛ አንቀጾች ደግሞ ከሱፍና ከፀጉር የሚሠራው የቤት ዕቃ እንዲሁም ገላን የሚጠብቀው ልብስ ከአላህ ጸጋዎች መካከል ተቆጥረዋል።

ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የሚወዱት ልብስ ነበራቸው። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ከልብሶች ሁሉ ይወዱት የነበረው ቀሚስ ነው። ዑለማዎች ምክንያቱን ሲያብራሩ፣ የሚታገለደምና ጫንቃ ላይ የሚጣል ልብስ እንዳይወድቅ በየጊዜው መያዝና ማስተካከል ይፈልጋል፤ ቀሚስ ግን አንዴ ከተጠለቀ ገላን በደንብ ይሸፍናል፣ ለባሹንም አያስቸግርም ይላሉ። በሌላ በኩል ሐር ለወንዶች የተከለከለ ሆኖ ሳለ፣ ዙበይርና ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ገላቸውን በሚያሳክካቸው ጊዜ እንዲለብሱት ነቢዩ ፈቅደውላቸዋል። ሸሪዓችን ለሰው ገላ ምን ያህል እንደሚያስብ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ጋቢ የሚያሞቀው ለምንድን ነው?

ከዒሻ በኋላ የመርካቶ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ሲገባ ሱሪውን አውልቆ ሽርጡን ያገለድማል፣ ጋቢውንም ይደርባል። እናቶችም ከጓዳ ሥራ ሲያርፉ የሚከናነቡት ያንኑ ነው። ጋቢ በታጠበና በተለበሰ ቁጥር እየለሰለሰ ስለሚሄድ ብዙ ሰው ከአዲሱ ይልቅ አሮጌውን ይወዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ጋቢ በራሱ ሙቀት የለውም። ሙቀቱ የራሳችን ነው። አላህ ገላችንን ወደ 37 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት እንዲጠብቅ አድርጎ ፈጥሮታል። የልብስ ሥራ ይህ ሙቀት እንዳያመልጥ ማድረግ ነው። ጋቢ አራት እጥፍ ሲሆን፣ በእጅ የተፈተለው ማጉ ደግሞ ወፍራምና ልል ነው። በክሮቹና በእጥፎቹ መካከል አየር ይያዛል። ያ የማይንቀሳቀስ አየር ነው ብርዱን የሚመክተው። ቡሉኮ ከጋቢ የበለጠ የሚያሞቀውም ስለሚወፍርና ብዙ አየር ስለሚይዝ ነው። የመንዝ ሰዎች ከበግ ፀጉር የሚሠሩት ባናም የተመሠረተው በዚሁ ጥበብ ላይ ነው። የበግ ፀጉር እርጥበት ቢነካው እንኳ ሙቀት መጠበቁን ቶሎ አይተውም። ጥጥ ግን ከረጠበ ያቀዘቅዛል።

ይህን ከተረዳን ብዙ ወጪ ሳናወጣ ቤተሰባችንን ማሞቅ እንችላለን።

አንደኛ፣ ከአንድ ወፍራም ልብስ ይልቅ ተደራርበው የሚለበሱ ሁለት ሦስት ስስ ልብሶች ይሻላሉ፤ በመካከላቸው አየር ይያዛልና።

ሁለተኛ፣ ብርድ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም ይመጣል። በተለይ መሬት ላይ የሚተኙ ልጆች ካሉ ከሰሌኑ ወይም ከፍራሹ በላይ አሮጌ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይነጠፍላቸው።

ሦስተኛ፣ ቀን ሲሠራበት ላብ የጠጣ ልብስ ለመኝታ አይሁን። ጋቢውና ብርድ ልብሱ ቀን ፀሐይ ላይ ይሰጣ፣ ጤዛ ሳይነካው ወደ ቤት ይግባ።

አራተኛ፣ እግርና ራስ አይረሱ። ካልሲና ኮፍያ ትንሽ ነገር ይመስላሉ እንጂ እንቅልፍ ያመጣሉ። ለብ ያለ ውኃ በሃይላንድ ተሞልቶ፣ ክዳኑ በደንብ ከተዘጋና በጨርቅ ከተጠቀለለ፣ እግር ሥር ሊቀመጥ ይችላል። ሕፃን ልጅ ግን በልኩ ልብስ ይደራረብለት እንጂ ፊቱ በጋቢ አይሸፈን።

በከሰል ለምን አንሞቅም?

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ብርዱ ሲጠነክር በየቤቱ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል። በር ይቀረቀራል። ሽንቁሩ ሁሉ በጨርቅ ይወተፋል። ቤተሰቡ ተኝቶ የማይነሳበት ሌሊት የሚመጣውም በዚህ ዓይነት ነው።

ብዙ ሰው «ከሰሉ ተቀጣጥሎ ጭሱ ካለቀ አይጎዳም» ይላል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ገዳዩ በዓይን የሚታየው ጭስ አይደለም። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ወደ ሳንባ ሲገባ ደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ከደም ጋር የሚጣበቀውም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ኃይል ነው። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። የነቃውም ልውጣ እያለ ጉልበቱ ይከዳዋል።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የሰውነት መዛል ነው። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች አብረው ይህ ከተሰማቸው «ጉንፋን ነው» ተብሎ አይታለፍ። በርና መስኮት ይከፈት፣ ሁሉም ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፣ ከዚያም በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ይኬድ። ወተት እናጠጣው በማለት ጊዜ አይባክን።

በተለይ የአራስ ቤትን አደራ እላለሁ። «አራሷን ብርድ ይመታታል» በማለት ክፍሏን ዘግተን ፍም የምናስገባ ከሆነ እናትና ሕፃኑን ለባሰ አደጋ አሳልፈን እንሰጣለን። በተዘጋ ክፍል ከሰል አጠገብ ገላ መታጠብም እንዲሁ ነው። መስኮት ትንሽ ገርበብ ማድረግ ዋስትና አይሆንም። ቡና የተፈላበት ምድጃ በር ከመዘጋቱ በፊት ወደ ውጭ ይውጣ።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ በመዲና አንድ ቤት በሌሊት ከነሰዎቹ ተቃጠለ። ነገሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነገራቸው እሳት ጠላታችን መሆኑን አሳውቀው፣ ስንተኛ እንድናጠፋው አዘዙ። ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድ የዛሬ ሐኪሞች የሚነግሩን ነገር የዚህን ትእዛዝ ጥቅም ይበልጥ ግልጽ ያደርግልናል።

ጋቢና የሱብሒ ሰላት

በሱብሒ ጀማዓ ጋቢ ለብሶ መስገድ ምንም ነውር የለበትም፤ ንጹሕ ይሁን፣ ነጃሳ አይንካው እንጂ። ሆኖም ሁለት ነገሮችን እንጠንቀቅ። በሰላት ውስጥ አፍን መሸፈን የተጠላ ነው። እጅ መውጫ እስኪያጣ ድረስ በአንድ ልብስ መጠቅለልም በሐዲስ ተከልክሏል። ስለዚህ ለሰላት ስንቆም ጋቢውን ከአፋችን ዝቅ እናድርግ፣ እጃችንንም ነፃ እናውጣ።

የጎረቤታችን ሌሊት

አንድ ቤተሰብ ከሰል ወደ መኝታው የሚያስገባው አብዛኛውን ጊዜ የሚለብሰው ስላነሰው ነው። «ከሰል አታስገቡ» ብለን ብቻ ብንሄድ ምክራችን ግማሽ ይሆናል። ከበራችን ውጭ ደግሞ በመርካቶ በረንዳዎች ላይ ከሰሉም ሆነ ጣሪያው የሌላቸው አሉ።

ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ አንዲት ሴት በእጇ የሠራችውን ቡርዳ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አመጣች። ያስፈልጋቸው ስለነበር ተቀብለው ለበሱት። ከሰሓቦቹ አንዱ ወደደውና እንዲሰጡት ጠየቃቸው። ሰጡት። ሰዎች «እያስፈለጋቸው ለምን ጠየቅህ?» ብለው ወቀሱት። እርሱም ከፈኑ እንዲሆንለት እንደፈለገ ነገራቸው፤ የተከፈነውም በእርሱ ሆነ። በሱረቱ ኣሊ-ዒምራን 92ኛ አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ) መልካምነት የሚገኘው ከምንወደው ነገር ስንሰጥ መሆኑን አስተምሮናል።

ዛሬ ማታ ሳጥናችንን እንክፈት። ለእንግዳ ተብሎ ተጣጥፎ ዓመት የከረመ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ካለ፣ ሌሊቱ ሳይገፋ ለአራሷ ጎረቤታችን፣ ለአሮጊቷ እናታችን ወይም በረንዳ ላይ ለሚያድረው ልጅ እናድርሰው። የተቀደደውን ሳይሆን እኛ ራሳችን ብንለብሰው የምንወደውን እንስጥ።

አላህ (ሱ.ወ) ቤቶቻችንን ከእሳትና ከጭስ ይጠብቅልን፤ የታረዙትን ከሚያለብሱት ያድርገን።