ቶልስቶይ በጃፓን ፊደል ሲጻፍ

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ጃፓኖች የሩሲያውያንን ስም እንዴት እንደሚጽፉ ነው።

ጃፓኖች የውጭ አገር ሰው ስም የሚጽፉት ካታካና በሚባል ፊደል ነው። መሠረታዊ ምልክቶቹ 46 ናቸው። እንደኛው ፊደል አንዱ ምልክት ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ይይዛል። ልዩነቱ እኛ ሳድስ አለን፤ «ል» ወይም «ስ» ብለን እንጽፋለን። እነሱ ጋ ግን ለብቻው የሚጻፍ ተነባቢ «ን» ብቻ ነው። «ል» የሚባል ድምፅም ስለሌላቸው በ«ር» ቤት ይተኩታል።

ስለዚህ ደራሲው ቶልስቶይ «ቶ-ሩ-ሱ-ቶ-ኢ» ይሆናል። ቭላዲሚር የሚለው ስም ደግሞ «ኡ-ራ-ጂ-ሚ-ሩ» ተብሎ ይጻፋል! ሳቅ ሊመጣባችሁ ይችላል፤ ግን ስህተት አይደለም፣ የፊደሉ ሕግ ነው።

እኛ የሌለን ነገርም አላቸው። በ1953 ዓ.ም. ከሰው ልጅ ሁሉ ቀድሞ ጠፈር የደረሰውን ዩሪ ጋጋሪንን ሩሲያውያን ሲጠሩት ሁለተኛውን «ጋ» ጫን ይሉታል። ጃፓኖች ከዚያ «ጋ» ቀጥለው አጭር መስመር ያሰምራሉ፤ «ሳብ አድርገህ አንብብ» ማለት ነው። በእኛ ጽሑፍ ይህ አይታይም።

እኔ ከዚህ የተረዳሁት ሰው ስማችንን ለየት አድርጎ ሲጠራ ሁልጊዜ ንቆን እንዳልሆነ ነው። ምላሱ የለመደው ድምፅ ሌላ ይሆናል። እና አፍ መፍቻው ሌላ ቋንቋ የሆነ ጓደኛችን ስም ሲያስቸግረው አንሳቅበት፤ ቀስ ብለን እንንገረው።

እስቲ የየራሳችሁን ስም ሞክሩ! አልማዝ የምትባል ካለች «አ-ሩ-ማ-ዙ» ሆናለች።