በ87 የተካፈለ ባቡር፦ የሞዴል ሐዲድ ንድፍና ፊዚክሱ

እንደሚታወቀው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሞዴል ባቡር የሕፃናት መጫወቻ ብቻ አይደለም። ብዙ ዐዋቂዎች ከመኖሪያቸው አንዱን ክፍል ወይም ምድር ቤቱን በሙሉ ይዘው፣ ተራራና ድልድይ፣ ጣቢያና መጋዘን ያለው የባቡር መስመር ለዓመታት ይገነባሉ። በንድፉ ላይ የተዘለለ አንድ ስሌት የዓመታት ልፋትን ሊያስፈርስ ስለሚችል፣ መጋዙ ከመነሣቱ በፊት እርሳሱ ብዙ ይሠራል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ እውነተኛውን ባቡር ወደ ቤት ለማስገባት ሁሉንም ነገር በአንድ ቁጥር ማካፈል ይበቃልን?

ርዝመትና ቦታ

በስፋት የሚሠራበት ምጥጥን 1፡87 ሲሆን ኤች ኦ ይባላል። በአዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ርቀት፣ እንደ አብዛኛው ዓለም ሁሉ፣ 1435 ሚ.ሜ. ነው፤ ለ87 ሲካፈል 16.5 ሚ.ሜ. ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው መስመር ግን 780 ኪ.ሜ. ገደማ ይረዝም ነበር። ይህን በ87 ብናካፍለው እንኳ 9 ኪ.ሜ. ያህል ሐዲድ ያስፈልገናል! ስለዚህ የንድፉ የመጀመሪያ ሥራ መምረጥ ነው፤ አንድ ጣቢያ፣ አንድ ድልድይ፣ አንድ ዳገት።

ጥምዙም ያስቸግራል። 300 ሜትር ሬዲየስ ያለው ጥምዝ በሞዴሉ 3.45 ሜትር ሬዲየስ ይኖረዋል፤ ባቡሩ ግማሽ ክብ ዞሮ እንዲመለስ ወደ 7 ሜትር የሚጠጋ የክፍል ስፋት ይጠይቃል። ገንቢዎች በ60 ሳ.ሜ. ሬዲየስ የሚረኩት በዚህ ምክንያት ነው። በተጨማሪም የሰው ክንድ በ87 አይካፈልም። ከ75 ሳ.ሜ. በላይ ዘልቆ ከሐዲድ የወጣ ፉርጎ ማንሣት አዳጋች በመሆኑ፣ ትላልቅ መስመሮች የሚዘረጉት በሰፊ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ግድግዳ ተከትለው በሚሄዱና መተላለፊያ በተተወላቸው ጠባብ መደርደሪያዎች ላይ ነው።

ክብደትና ዳገት

ርዝመት በ87 ሲካፈል ይዘት በ87×87×87፣ ማለትም በ658,503 ይካፈላል። 80 ቶን የሚመዝን ሎኮሞቲቭ በዚህ ስሌት 121 ግራም ብቻ ይሆናል። ይሁን እንጂ ሎኮሞቲቭ የሚጎትተው መንኮራኩሮቹ ሐዲዱን በሚጫኑበት ኃይልና በሰበቃ አማካይነት ነው። ስለዚህ አምራቾች ሆን ብለው ብረት ይጨምሩበታል፤ አብዛኞቹ ሞዴሎች ከስሌቱ እጅግ የከበዱ ናቸው።

ዳገትን በተመለከተ የተለመደው ምክር ከ2 በመቶ አለመብለጥ ነው። ባቡሩ 40 ሳ.ሜ. ከፍ ወዳለ ሁለተኛ መደርደሪያ እንዲወጣ ቢፈለግ 20 ሜትር ሐዲድ ያስፈልጋል። ይህን በ60 ሳ.ሜ. ሬዲየስ ብንጠመዝዘው አንዱ ዙር 3.77 ሜትር ስለሆነ ከ5 ዙር በላይ ይፈጃል፤ አንዱ ዙር ከሌላው የሚርቀውም 7.5 ሳ.ሜ. ብቻ ነው። ከዚህ ላይ የሐዲዱ መደብ ውፍረት ሲቀነስ ባቡሩ ማለፉ ያጠራጥራል። ንድፍ አውጪው ሬዲየሱን ያስፋ ወይስ ዳገቱን ያክብድ? መልሱ በወረቀት ላይ ካልተገኘ በኋላ ላይ በመጋዝ ይፈለጋል።

ኤሌክትሪክና ጊዜ

ሐዲዱ መንገድ ብቻ ሳይሆን የኤሌክትሪክ መስመርም ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሠራበት የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ከንጹሕ መዳብ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሬዚስታንስ አለው። በረጅም መስመር ላይ ቮልቴጁ እየወረደ ሩቅ ያለው ባቡር ይዳከማል። መፍትሔው ከመደርደሪያው ሥር ወፍራም የመዳብ ሽቦ ዘርግቶ በየሁለት ሜትሩ ገደማ ከሐዲዱ ጋር ማገናኘት ነው።

ፍጥነት በ87 ሲካፈል፣ በሰዓት 87 ኪ.ሜ. የሚሮጥ ባቡር በሞዴሉ በሰዓት 1 ኪ.ሜ.፣ ማለትም በሴኮንድ 28 ሳ.ሜ. ይጓዛል። የመሬት ስበት ግን አይካፈልም። ከ20 ሜትር ድልድይ የወደቀ ድንጋይ 2 ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ ከ23 ሳ.ሜ. ሞዴል ድልድይ የወደቀ ፉርጎ ግን በ0.22 ሴኮንድ መሬት ይመታል። ልዩነቱ 87 እጥፍ ሳይሆን 9.3 እጥፍ ነው፤ ይህም የ87 ስኩዌር ሩት ነው። የፊልም ባለሙያዎች የሞዴል አደጋን በፈጣን ካሜራ ቀርጸው አዘግይተው የሚያሳዩት ስለዚህ ነው።

የታወቀ ምሳሌ

በካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ ከተማ ይኖር የነበረው ፎቶግራፍ አንሺ ጆን አለን በቤቱ ምድር ቤት የዘረጋው መስመር ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርሱ ተራሮች ነበሩት፤ ጊዜውም የሚቆጠረው ከተራ ሰዓት ፈጥኖ በሚዞር ሰዓት ነበር። አለን እ.ኤ.አ. በ1973 ሲሞት መስመሩ ገና አላለቀም ነበር፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶም በእሳት ወደመ። ገንቢዎች ግን ዛሬም ፎቶግራፎቹን ያጠናሉ።

የወንዝና የግድብ ሞዴል የሚሠሩ መሐንዲሶችም ይኸው ጥያቄ ይገጥማቸዋል፤ ምን ይካፈላል? በስንት? ምንስ አይካፈልም? ውድ አንባብያን፣ የመማሪያ ክፍላችሁን ርዝመትና ስፋት ለኩና በ2 በመቶ ዳገት፣ በ60 ሳ.ሜ. ሬዲየስ፣ ባቡራችሁ ከወለል እስከ ጥቁር ሰሌዳው ግርጌ ለመድረስ ስንት ዙር እንደሚያስፈልገው አስሉ።